ሻሼና የዘነበች ክብሪት

ዘነበች የበደለችኝ በአንዲት የክብሪት እንጨት ነው። ጊዜው መስከረም አልቆ ጥቅምት የገባበት፣ ሮቢ ወንዝ ጎድሎ ዳር ዳሩን ውሃ የተኛበት፣ ወባ ቤት ለቤት የምትዞርበት ሰሞን ነበር። ዓመቱን ተዉት። መንግሥት ተቀይሮ አዲሱን ገና በስሙ መጥራት ያልለመድንበት ጊዜ ነው። እኔ የማስታውሰው ወንዶቹ ጎፈሬያቸው ውስጥ ማበጠሪያ ሰክተው የሚሄዱበት፣ ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ ሁሉ እንደ ሹም የሚታይበት ዘመን እንደነበር ነው። ዘነበች ዛሬ የአጥር ጎረቤቴ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ «እትዬ» የሚለውን ከስሟ ላይ ካነሳሁት ግን ብዙ ቆይቷል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ይህን ነገር የሚያስታውስ ሰው ከእኔና ከእሷ በቀር ብዙም አልቀረም፤ ስለዚህ እሷ ሳትቀድመኝ እኔ ልናገረው።

የገበያ ቀን ነበር። ለግዛው ታጭቻለሁ። ቤተሰቦቹ የማጀቴ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ልከው፣ ዘር ጠይቀው፣ ለጥር ቀን ተቆርጧል። እናቴ ለሠርጉ ሻርፕ ምረጪ ብላ ሰደደችኝ። ከአሊዩ አምባ የሚመጡት የአርጎባ ሴቶች ጥጥና ኩታ ዘርግተው የሚቀመጡበት ጥግ ነበረ፤ ከእነሱ ጎን አንድ ሽማግሌ ናይለን ሻርፕ በገመድ ላይ ያንጠለጥላል፤ ነፋስ ሲመጣ ሻርፑ ሁሉ በአንድ ላይ ይነሳል። ዋጋው ዛሬ አንድ ሎሚ እንኳ አይገዛም። የለበስኩት ቢጫ ሽፎን ቀሚስ ነው። ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ወገቡን አጥብቦ፣ ታቹን አስፍቶ ሠርቶልኛል። እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ አድርጌአለሁ፤ በሮቢት ሙቀት ኮንጎ ያደረገ ያውቀዋል፣ እግር በላብ ውስጡ እየተንሸራተተ ሲጥ ሲጥ ይላል። ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ ሬዲዮኑን በሚስማር ሰቅሎ ያንኑ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ያሰማናል፤ ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ ሄዶ እንደ በሬ ያጉረመርማል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣ አውቶብስ ሲቆም ልጃገረዶቹ ፓፓያና ብርቱካን በሳፋ ተሸክመው ይሮጣሉ፤ ደገኛው መንገደኛ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኧረ ይሄ ሙቀት ምንድን ነው!» ይላል፤ እኛም እንስቅበታለን። ያን ቀን እኔ አልሳቅኩም። ከጠዋቱ ጀምሮ ይበርደኝ ነበር። እናቴ ከገበያ እንዳታስቀረኝ ብዬ ደብቄአታለሁ።

ወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ላይ ስደርስ መሬቱ ተነስቶ መጣብኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ ተንቀጠቀጠች፣ ጥርሷን ነከሰች ብለው የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። ስነቃ ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ነው የነቃው። የክብሪት ሽታ። ዘነበች፣ ያኔ የባለ ወፍጮው አዲስ ሙሽራ፣ አጠገቤ ተንበርክካ ክብሪት ጭራ፣ እፍ ብላ አጥፍታ፣ ጭሱን አፍንጫዬ ሥር ይዛለች። ሬዲዮኑን በሚበልጥ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«አይዟችሁ፣ የሚጥል ነው። አሁን ትነሳለች።»

ክብሪት አፍንጫ ሥር ተያዘ ማለት እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ወባ ለያዘው ሰው ማንም ክብሪት አይጭርም። ክብሪት የሚጫረው የሚጥል በሽታ ላለበት ነው፤ ያን ጭስ ያሸተተች ሴት ቃል ሳይጨመርበት ስሟ ወጣ ማለት ነው። ዘነበች ግን ቃሉንም ጨመረችበት። ወሬው በዚያው ቀን በጭነት መኪና ማጀቴ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፤ የቀረበላቸውን ውሃ እንኳ ሳይጠጡ «ዘር ነው ይሉናል፤ ቤተሰቡ ፈራ» አሉ። እናቴ «ወባ ነው፣ በልጄ ሞት ወባ ነው!» ብላ ማለች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደሜን አይቶ ክሎሮኪን ሰጥቶኝ፣ ያ መራራ ኪኒን ጆሮዬን አስጩኾ፣ ዳንኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም። ግን ድሬሰሩ የተናገረው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዘነበች የተናገረችው በገበያ ነው።

ቆይቶ ጌታነህን አገባሁ። የተመረጠልኝ ሳይሆን የተገኘልኝ ባል ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ። ክብሪት ግን ቤቴ አላስገባሁም። ድሮ ከሰው ቤት ፍም በገል አመጣ ነበር፤ ላይተር መሸጥ ሲጀመር ከገዙት የመጀመሪያዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። ጌታነህ ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ አንድ ቀንም አልጠየቀኝም። ከዘነበች ጋር በመንገድ ስንገናኝ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞራለሁ። እሷም ለሰው «ጥሩነሽ ኩሩ ናት» ትላለች ሲሉ እሰማለሁ።

ሻሼን ያመጣት ጌታነህ ነው። የማሾ መጋዘን ጥበቃ ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ሲመለስ የኮቱ ኪስ ይንቀሳቀሳል። «አይጥ ይዘህ መጣህ እንዴ?» ስለው፣ «የአይጥ ጠላት» አለኝና አወጣት። መላ አካሏ ጥቁር፣ አናቷ ላይ ብቻ ነጭ፤ ሻሽ ያሰረች ባልቴት ትመስላለች። ሻሼ አልናት። እሱ ሲሞት ጋቢውን ለሰው ልሰጥ ሳነሳ ሄዳ ተኛችበት፤ ተውኩት። ጋቢው እስከ ዛሬ አለ።

አምና ነው የጀመራት። መጀመሪያ አንገቷን ወደ ግራ አዘነበለች፤ የጎረቤት ሐሜት የምታዳምጥ ነበር የምትመስለው። ከዚያ መዞር ያዘች። ወደ ምግቧ ስትሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ጄሪካኑን ዞራ ዞራ ትወድቃለች። ሳቅኩ፤ «በዚህ ዕድሜሽ መጠጥ ጀመርሽ?» አልኳት። ከዚያ አንድ ጠዋት ደረጃው ሥር ተንጋልላ፣ አራት እግሯ አየር እየቀዘፈ፣ አረፋ በአፏ እየወጣ አገኘኋት። ሲለቃት አላወቀችኝም። ግድግዳውን እየተደገፈች አልጋ ሥር ገባች። በደረቴ ተኝቼ ክንዴን ወደ ውስጥ ዘረጋሁ፤ ብዙ ቆይታ መጣችና አናቷን መዳፌ ላይ አሳረፈች። ከብዶ ነበር። የዚያች ትንሽ ፍጡር ራስ እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቤቴን ለእሷ አስተካከልኩት። እንዳትወድቅ ፍራሼን ከአልጋ አውርጄ መሬት ላይ መተኛት ጀመርኩ፤ ጉልበቴ ቢቃወምም ለመደ። የደረጃውን ጠርዝ በጆንያ ሸፈንኩት። ውሃዋን ዝርግ ሳህን ላይ አደረግኩ፤ የምትዞረው ወደ ግራ ብቻ ስለሆነ ምግቧን በግራዋ ማስቀመጥ ተማርኩ፤ እንደዚያ ሲሆን ዞራ ዞራ መጨረሻ ላይ ራሱ አፏ ሥር ይመጣል። ስትበላ ጎኗን በሁለት እጄ እደግፋታለሁ፤ የጎድን አጥንቷ በጣቶቼ መሃል ይቆጠራል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ የሮቢት ቆርቆሮ ቤት ምጣድ ሲሆን፣ ጆንያ በውሃ አርሼ ጥላ ውስጥ አነጥፍላታለሁ። እኔ ልጅ አልወለድኩም። አራስ ቤት እንዲህ ይሆን ይሆናል ብዬ አስብ ነበር፤ የእኔዋ ጨቅላ ግን አሮጊት ናት።

የእንስሳት ሐኪሙ ኑሩ የአሊዩ አምባ ልጅ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ በባጃጅ ወሰድኳት።

«እማማ፣ ወላሂ፣ ድመት አክሜ አላውቅም» አለኝ። «በሬ ያምጡልኝ፣ ግመል ያምጡልኝ፣ ፍየል ያምጡልኝ።»

«ፍየል የለኝም። ያለችኝ እሷ ናት።»

ሳቀና ተቀበለኝ። የስልኩን መብራት ዓይኗ ላይ አበራ፣ ጆሮዋን አየ፣ እግሯን አጥፎ መሬት ላይ አስቀምጦ ታስተካክለው እንደሆነ ጠበቀ። አላስተካከለችውም። «ጭንቅላቷ ውስጥ ነው» አለ። «ዕድሜም አለበት። በሰው ቢሆን እንግዲህ የሚጥል በሽታ የምንለው…»

«ይህን ስም አትጥራብኝ።»

«እሺ እማማ። ምን ልበለው?»

«ምንም አትበለው። መድኃኒቱን ስጠኝ።»

ኪኒኑን እንዴት እንደምቆርሰው አሳየኝ። ሲጥላት አፏ ውስጥ እጄን እንዳላስገባ፣ ብቻ እንዳትጋጭ ጠብቄ እንድታገሥ፣ በራሱ ጊዜ እንደሚተዋት ነገረኝ። እብድ ውሻ ነክሷት እንደሆነም ጠየቀኝ። ከግቢ ወጥታ እንደማታውቅ፣ ከታመመችም ወራት እንዳለፋት ነገርኩት። «እብደት ቢሆን እስካሁን አትቆይም ነበር» አለ። ከዚያ ልወጣ ስል በሩ ላይ ጠራኝ። «እማማ፣ ለጎረቤት ይንገሩ። ሰው ካላወቀ ይፈራል፤ ከፈራ ደግሞ ይጎዳታል።»

«እሺ» አልኩት። አልነገርኩም። «ድመትሽ ምን ሆና ነው የምትዞረው?» ላለኝ ሁሉ «አርጅታ ነው» እላለሁ። ያን ስም ከእኔ ግቢ ማንም እንዲሰማ አልፈለግኩም፤ አንድ ጊዜ ወጥቶብኝ ይበቃኛል። ኪኒኑን በቅቤ ለውሼ በጣቴ ሳጎርሳት ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሳል እሰማለሁ። የዘነበችን ሳል ከሺህ ሳል መሃል እለየዋለሁ። ጀርባዬን እሰጠዋለሁ።

እንዲህ እያለን ሰፈራችን እብድ ውሻ ገባ። ፍየል ነክሶ፣ ሰው አሯሩጦ፣ ተገደለ። ሰው ሁሉ ዱላ ከበሩ ኋላ አስቀመጠ። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ረፋድ ላይ የውሃ ጋሪ ግቢዬ ገብቶ ሲወጣ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ጆንያውን አርሼ ስመለስ ሻሼ የለችም።

ያገኘኋት ማዕዘኑ ላይ ነው። ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ ፀጉር አስተካካዩ የነበረበት ቦታ ባጃጆች ተራ ይጠብቃሉ፤ ዘፈን አሁንም አለ፣ ከየባጃጁ የተለያየ። መሬቱ ግን ያው መሬት ነው። ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። በክቡ መሃል ሻሼ ወድቃ አየር ትቀዝፋለች። ጋሽ መኮንን፣ ከእኔ ሦስተኛ ቤት ያሉት፣ ዱላ ይዘው ቀርበዋል።

«አብዳለች! ለሃጯን አታዩም?»

«ጋሼ፣ በጎማ ልጨርሳት?» አለ አንድ ባለ ባጃጅ ሞተሩን እያስነሳ።

በምን ጉልበቴ እንደሮጥኩ አላውቅም። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ነጠላዬን ዘረጋሁባት። «አላበደችም!»

«ታዲያ ምን ሆና ነው እትዬ ጥሩነሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ስሙ ምላሴ ላይ ነው። «አርጅታ ነው» አልኩ።

«እርጅና አረፋ ያስደፍቃል እንዴ? የልጅ ልጆች አሉኝ እኮ፤ እዚሁ ነው የሚጫወቱት። እባክዎን ይነሱ፤ እርስዎንም ትነክስዎታለች።» በክፋት አልነበረም። አንድ እጃቸውን ሊያነሱኝ ትከሻዬ ላይ አደረጉ፤ በሌላው ዱላውን አነሱ።

«መኮንን! ዱላህን አውርድ!»

ምርኩዟን እየተከለች፣ ጎብጣ፣ ሰውን በክርን እየገፋች ዘነበች ገባች። ጎንበስ ብላ ሻሼን አየቻት። ከዚያ ቀና አለችና በዚያው ማዕዘን፣ በዚያው ድምፅ፣ አሁን ትንሽ ሻክሯል እንጂ፣ «እብደት አይደለም» አለች። «የሚጥል ነው።»

«ደግሞ ድመትን የሚጥል ይይዛታል?» አለ ባለ ባጃጁ።

«ጭንቅላት ያለውን ሁሉ ይይዛል። አንተ አትስጋ።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ መኮንን ግን አልሳቁም፤ ዱላው አሁንም በአየር ላይ ነው። ዘነበች የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ቋጠሮው ውስጥ ክብሪት አለ። አንዱን እንጨት አወጣች። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ እንጨቱ ተሰበረ። ሌላ አወጣች፤ ከጣቶቿ አምልጦ ወደቀ። እጇ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ለካ ፊቷን ብቻ ሳይሆን እጇንም አይቼ አላውቅም። ሦስተኛውን ሞክራ ሲያቅታት ክብሪቱን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንቺ ጫሪው።»

ክብሪቱን አየሁት። ዱላውን አየሁት። በነጠላዬ ሥር የሻሼ እግር ጉልበቴን ይመታኛል፤ እንደ ልብ ምት ነው። ተቀበልኩና ጫርኩት። እፍ ብዬ አጠፋሁት፤ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዝኩት። ሽታው ሲመጣ ቢጫው ሽፎን ቀሚስ ላዬ ላይ ነበር፤ ኮንጎ ጫማዬ አንዱ ወልቆ፣ ሻርፑ ሳይገዛ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«የሚጥል ነው» አልኩ። «አሁን ትነሳለች።»

ኑሩ እንዳለው በራሱ ጊዜ ተዋት። ሰው ግን ክብሪቱ ነው ብሎ አመነ፤ ይመን። እግሯ ዝም አለ፣ ደረቷ ወጣ ወረደ፣ ያን ዘመም ያለ አንገቷን ቀና አድርጋ ጋሽ መኮንንን አየቻቸው። እሳቸውም ዱላውን አወረዱ። «ይማራት» አሉ። «ቀድመው ቢነግሩን ምን ነበረበት?» ነጠላው ላይ እንዳደርጋት ጎንበስ ብለው ጫፉን ያዙልኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘነበች ከኋላዬ ምርኩዟን ኳ ኳ እያደረገች መጣች። ዞር ሳልል «በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«በቆርቆሮው ቀዳዳ። ጎኗን ደግፈሽ ስታበያት አያለሁ። ሌላ ምን የማየው አለኝ?»

ትንሽ ሄድን። አርባ ምናምን ዓመት የተሸከምኩትን አወጣሁት። «ያን ቀን የያዘኝ ወባ ነበር።»

እኔ የቱን ቀን ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችም። «ወባም ይሁን ሌላ» አለች፣ «ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያይሽ የተንበረከክሁት እኔ ነኝ። ያነቃሁሽ እኔ ነኝ። አዲስ ቀሚሴ ነው ጭቃ የነካው። አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ሳትይኝ፣ እንደ ጠላት ፊትሽን ስታዞሪብኝ ኖርሽ። እኔ ምን አደረግኩሽ እያልኩ ስንት ዘመን!»

ቆምኩ። እኔ የእሷን ቂም ይዤ ስኖር እሷም አጥሩን ተደግፋ የእኔን ይዛ ኖራለች።

«ትዳሬን አፈረስሽው» አልኳት።

ምርኩዟን ተክላ ቆመች። እውነት አሁን ገና የገባት መሰለኝ። ከዚያ «ግዛውን ነው?» አለች። «ከአንድ እንጨት ክብሪት የሸሸ ሰውዬ፣ ቤትሽ ቢቃጠል ምን ሊሆንሽ ነበር?»

ሳቅ መጣብኝ። ዋጥኩት። ይቅርታ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ደጄ ላይ ስንደርስ የሻሼን ነጭ አናት ነካ አድርጋ፣ «አሮጊት፣ አይዞሽ» አለቻትና ወደ ቤቷ ገባች። ማንኛችንን እንዳለች አላውቅም።

ሻሼ ያን ክረምት ጨረሰች። የበቆሎ እሸትን ሽታ አሸተተች፤ የመስከረምን ፀሐይ ሞቀች። ጥቅምት ሲገባ መብላት አቆመች። አንድ ጠዋት ጭኔ ላይ፣ በጌታነህ ጋቢ፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ እንደምታዳምጥ ሆና ሄደች። ያን ቀን አልጣላትም። ቀስ ብላ ነው የቀለለችው። ፓፓያው ሥር ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ሥሩ አስቸገረኝ፣ እያረፍኩ ጨረስኩት። ከቆርቆሮው ወዲያ ሳል ነበር፤ አፈሩን መልሼ እስክጨርስ ሳሉ ከዚያ አልሄደም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ይህ ነው። ለዘነበች እንዴት አደርሽ ማለት ጀመርኩ፤ እትዬ አልጨመርኩበትም። እግዜር ይስጥልኝ አላልኳትም። የቆርቆሮውን ቀዳዳ አልደፈንኩትም። ያን ዕለት እጄ ላይ የቀረውን ክብሪት አልመለስኩላትም፤ እስኪያልቅ ድረስ ምድጃዬን ለኮስኩበት። ሲያልቅ ሱቅ ሄጄ ሌላ ገዛሁ።